የትርንጎ ኩታ

ድሮ ነው። «ድሮ» ስላችሁ እኔ ልጅ የነበርኩበትን ዘመን ማለቴ አይደለም፤ እሱማ ትናንት ነው። የእኔ አያት ተክዘው «ድሮ» ይሉት የነበረውን ድሮ ማለቴ ነው። ያኔ ጥቁር ወይራ ማርያም ዛሬ እንደምታዩዋት በካብ የታጠረች የአንድ እፍኝ ዛፍ አልነበረችም። ደኑ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተነስቶ እስከ ወንዙ ይወርድ ነበር። ወይራው፣ ጽዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው እርስ በርሱ ተቃቅፎ፣ በቀትር የገባ ሰው ፀሐይ ጠለቀችብኝ ብሎ ይደነግጥ ነበር አሉ። አሁን ፍየል አይደበቅበትም። ኤዲያ! ይቅር፣ እሱን ካነሳሁ ዛሬ ወደ ትርንጎ አልደርስም።

ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባት፣ ልጅ ሳይተርፍላት፣ ከቆላ ተነስታ የመጣች ናት። መሬት የላት፣ ከብት የላት፣ ዘመድ የላት። የነበራት አንዲት እንዝርት፣ አንድ ደጋንና ሁለት እጅ ነው። ጥጥ ትፈትላለች። ጥጡን በደጋን ነድፋ፣ ባዘቶውን እጇ ላይ ጠቅልላ፣ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ስትፈትል ትውላለች። ክሯ ከመቅጠኑ የተነሳ ሸረሪት አይታው ታፍራለች ይባል ነበር።

ሌላም ሥራ ነበራት። በዚያ ሀገር ሴት ስትሞት የምትጠራው እሷ ናት። አጥባ፣ ገንዛ፣ አስራ የምትሰጠው እሷ ናት። መቼም ታውቃላችሁ፣ ሰው የሚገንዝ እጅ ይፈልጋል እንጂ አይወድም። ሴቶቹ ክር ሲያምራቸው ወደ ትርንጎ ደጅ ይሄዳሉ። ግብዣ ላይ ግን ከአጠገቧ ቦታ የደረሳት ሁሉ «ውይ፣ ልጄ አለቀሰ መሰለኝ» ብላ ትነሳለች። ልጅ የሌላትም ሳትቀር! ትርንጎ ነገሩ ይገባታል። ይገባትና እንጀራዋን ዝም ብላ ትበላለች። ከመናገሯ መፍተሏ ይበዛል ይሏት ነበር።

እንግዲህ ያ ደን የእሳት እራት ነበረው። ያቺ ማታ ማታ ኩራዝ ላይ እየተንደረደረች የምትቃጠለውን አመዳም ማለቴ አይደለም። የደኑ የእሳት እራት ትልቅ ናት፤ ክንፏን ስትዘረጋ መዳፍ ትሞላለች። ቀን ቀን የወይራ ግንድ ላይ ተለጥፋ ትውላለች። የላይኛው ክንፏ ቁርጥ የወይራ ቅርፊት ነው፤ ስንጥቁ ሳይቀር፣ ሽበቱ ሳይቀር። አፍንጫህ ሥር ሆና አታያትም። ስትነካት ግን ያን የቅርፊት ክንፏን ትገልጠዋለች። ከሥሩ ሌላ ክንፍ አለ፤ ቀይ! እንሶስላ የሞቀች ሙሽራ እጅ የመሰለ ቀይ፣ ዳር ዳሩ በጥቁር የተቀመቀመ። ብልጭ ትልና ሌላ ግንድ ላይ ሄዳ ትለጠፋለች። ተመልሳ ቅርፊት ትሆናለች። ከእናንተ መካከል ያያት አለ? አንድ ሰው ብቻ። እሱም ይዋሻል።

የሀገሩ ባላባት እሜቴ የውብዳር ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ርስቱን በእጃቸው የያዙ፣ ከአፋቸው የወጣ ቃል የማይመለስ ሴት ነበሩ። አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። ከእሷ በፊት የወለዷቸው ሁሉ ሞተውባቸዋልና ይህችን ስሟን አልጣሽ አሏት። ዓይናቸው እሷ ናት። ነፋስ እንዳይነካት፣ ፀሐይ እንዳያያት አድርገው አሳደጓት።

አልጣሽ ግን ነፋሱንም ፀሐዩንም የምትወድ ሳቂታ ልጅ ሆነች። ለትልቅ ሰው ልጅ ታጨች። የሠርጓን ኩታ ክር እንድትፈትል ትርንጎ ታዘዘች። ታዲያ አልጣሽ ክሬ የት ደረሰ እያለች ትርንጎ ደጅ ትመጣለች። መጥታ ትቀመጣለች። ማንም የማይቀመጥበት ደጅ፣ የባላባት ልጅ መሬት ላይ ዝርፍጥ ብላ ትቀመጣለች። ታወራለች፤ ትርንጎ ትፈትላለች። ደግሞ ታወራለች፤ ደግሞ ትፈትላለች። ትርንጎ ወደዚያ ሀገር ከመጣች ወዲህ ሰው የሚባል ጠግባ ያየችው ያኔ ነው።

አንድ ቀን አልጣሽ እንሶስላ እንቆፍር ብላ ትርንጎን ይዛት ደን ወረደች። እንሶስላ ውሃ ዳር፣ ጥላ ውስጥ የሚበቅል ነው፤ ሥሩን ወቅጠው ነው ሴቶች እጅና እግራቸውን የሚያቀሉት። ቆፈሩ፣ ቆፈሩ። አልጣሽ ደከማትና አንድ ትልቅ ወይራ ላይ መዳፏን አሳረፈች። ያን ጊዜ ግንዱ ተነሳ! ቅርፊቱ ሁሉ ተነስቶ ቀይ ሆኖ በራሷ ላይ ዞረ። ለካ የእሳት እራቶች ናቸው፤ ግንዱን አልብሰውት ኖሯል። አልጣሽ መጀመሪያ ጮኸች። ከዚያ ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«እትዬ ትርንጎ! አየሻት? አየሻትልኝ? ውጪዋ ልቅሶ፣ ውስጧ ሠርግ!»

ትርንጎም ሳቀች። ስትስቅ ያያት ሰው አልነበረምና ራሷም ድምፁ ገረማት።

«ኩታዬን እንደዚህች አድርጊልኝ» አለች አልጣሽ። «የውጪው ጥለት ለሰው ይሁን። ለእኔ አንዲት ቀይ ክር ከውስጥ አኑሪልኝ። ማንም የማያያት፤ እኔና አንቺ ብቻ የምናውቃት። በልቤ በኩል።»

«እሺ፣ እመቤቴ።»

«በማርያም በይ።»

«በማርያም።»

ትርንጎ የእንሶስላውን ሥር ወቅጣ፣ አፍልታ፣ አንዲት ቀጭን ክር ነከረች። ክሯ ቀላች። ሸማኔው ኩታውን ሠርቶ እስኪያወርድ ድረስ በመቀነቷ ቋጥራ አኖረቻት።

ኩታው ወረደ፤ ተስቦም ሀገር ገባ። ደጅ አልመረጠም፤ የድሃውንም የባላባቱንም አንኳኳ። አልጣሽ ወደቀች። ጸበል ተረጨ፣ ተጸለየ፣ ተሳለ፤ አልሆነም። አልጣሽ ብለው የጠሯት ልጅ ሞተችባቸው።

እሜቴ የውብዳር አላለቀሱም። የሚያስፈራው ይህ ነው። ሰው ደረቱን ሲደቃ፣ ፊቱን ሲነጭ፣ እሳቸው ደርቀው ቆሙ። የሠርጉን ልብስ ሁሉ አስወጥተው ግቢው መሀል አስቃጠሉት። ጥለቱ እስኪከስል ቆመው አዩት። ከዚያ ማቅ ለበሱና አዋጅ አስነገሩ።

«ልጄ ያለ ጥለት አፈር ስትገባ፣ በግዛቴ ቀለም የለበሰች ሴት እንዳላይ! ሙሽራም ብትሆን፣ አራስም ብትሆን፣ ነጭ ትልበስ። ቀለም የተገኘባት ከሀገሬ ትውጣ። የሠራላትም እጁ ይቆረጥ!»

ነጋሪቱ ሲመታ ትርንጎ ከሬሳው ጋር ነበረች። አልጣሽን አጠበቻት። ጸጉሯን አበጠረችላት። ነጩን መግነዝ ዘረጋች። የሚያግዟት ሴቶች ውሃውን ሊደፉ ወጡ። ብቻዋን ቀረች። መቀነቷን ዳሰሰች፤ ክሯ አለች።

አዋጁን በጆሮዋ ሰምታለች። መሬት ያለው መሬቱን ቢነጠቅ ከብት ይጠብቃል፤ ከብት ያለው ከብቱ ቢሞት ያርሳል። ትርንጎ እጇን ብትነጠቅ ምን አላት? ምንም። በሰው ደጅ ለምና፣ በጉንድሽ እጇ ቁራሽ ታቅፋ መሞት ነው። ይህን ሁሉ አሰበችው። ደግሞ ያቺ ልጅ መሬት ላይ ዝርፍጥ ብላ የምትስቀው ሳቅ ትዝ አላት። «በማርያም ብያት የለም እንዴ» አለች። እንዲህ አለችና መርፌዋን አወጣች። በመግነዙ ውስጥ፣ በልቧ በኩል፣ ያቺን ቀይ ክር ሰፋቻት። ከዚያ አልብሳ አሰረችው። ሴቶቹ ሲመለሱ ውጪው ነጭ ነበር።

አልጣሽ ተቀበረች። ዘመኑም ነጭ ሆነ።

እናንተዬ፣ ነጭ ልብስ ያምራል ትላላችሁ። ጥለት ከሥሩ ሲኖር ነው የሚያምረው። ሙሽሮቹ ነጭ ለብሰው ሲወጡ ሠርገኛው አፉ ይተሳሰራል። እልልታው ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ከሠርግ የሚመለስ ሰው ከቀብር የሚመለስ ይመስላል። የማርያም ንግሥ ዕለት ከኮረብታው ላይ ሆነው ሲያዩት፣ ያ ሁሉ ቀይ፣ ያ ሁሉ ቢጫ፣ ያ ሁሉ አረንጓዴ ዳር ዳር የነበረበት ሕዝብ፣ የተነደፈ ጥጥ ሆኖ ይወርዳል። ትናንሽ ልጃገረዶች ጥለት ምን እንደሆነ በወሬ ብቻ እየሰሙ አደጉ። ትርንጎ ትፈትላለች፤ ነጭ ትፈትላለች። ሲጠሯት ትገንዛለች። ምሥጢሯን ከራሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

በዚህ መሀል ዝማም የምትባል የድሃ ልጅ ልትዳር ሆነ። ዝማም ትርንጎ ደጅ መጣችና ቆመች። ከዚያ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«እትዬ ትርንጎ፣ ልዳር ነው።»

«እንኳን ደስ ያለሽ። ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«እናቴ የመግነዝ ሸማ አልብሳ ልትድረኝ ነው። እኔ አልሞትኩም!»

ትርንጎ ይህን ስትሰማ እንዝርቷ ከእጇ ወደቀ። ልጅቷን ይዛ ደን ወረደች። ያ ወይራ አለ። ግንዱን በመዳፏ መታ አደረገችው። ቅርፊቱ ተነሳ፤ ቀዩ ወጣ፤ በሁለቱ ራስ ላይ ዞረ። ዝማም አፏን ከፍታ ቀረች።

ኩታ መቼም ድርብ ነው፤ ሁለት ሸማ ተደርቦ ዳሩ የሚሰፋ። ትርንጎ የዝማምን ኩታ ዳሩን ፈታች፤ በሁለቱ ሸማ መካከል፣ በልብ በኩል፣ የእንሶስላ ክር አኖረች፤ መልሳ ሰፋችው። ከዚህም ቢያዩት ነጭ፣ ከዚያም ቢያዩት ነጭ።

«ውሃ እንዳታስነኪው» አለቻት። «እንሶስላ ሰው ገላ ላይ ይይዛል፤ ጥጥ ላይ ግን ይለቃል። አደራ።»

ዝማም ተዳረች። ያን ዕለት እንደሌሎቹ አንገቷን አልደፋችም። ቀና ብላ፣ እንደ ንግሥት እየተራመደች ወጣች። እልልታው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ፈነዳ። ወንዶቹ «ይህች ልጅ ምን አግኝታ ነው?» ተባባሉ።

ሴት ምሥጢር አትችልም የምትል አንተ፣ አዎ አንተ፣ ይህን ስማ። ዝማም ለማንም አልተናገረችም። ልትዳር ላለች ለአንዲት ልጅ ብቻ በጆሮዋ ነገረቻት። ያቺም ልትዳር ላለች ለሌላዋ። በዚህ ዓይነት ሀገር ሙሉ ሙሽራ ቀዩን ከውስጥ ለብሶ ወጣ። ባል አላወቀ፣ ቄስ አላወቀ፣ ጭቃ ሹም አላወቀ። ግብዣ ላይም አንድ ነገር ተለወጠ። ትርንጎ ስትቀመጥ ልጁ የሚያለቅስበት ሰው ጠፋ። እንዲያውም ከአጠገቧ ለመቀመጥ ይጋፉ ጀመር።

የእሜቴ የውብዳር ጭቃ ሹም አዘዘው ይባል ነበር። ያዘዙትን ይሠራል፤ ያላዘዙትንም ይጨምራል። የሙሽሮቹ ቀና ቀና ማለት ከነከነው። «ልቅሶ ታውጆ ማን ፈገግ አስባላቸው?» አለ። ከዚያ አንድ ሠርግ ላይ ድንገት ደረሰ። ሠርገኛው ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ደኑ ውስጥ ያ ወይራ ጥላ ሥር አረፍ ብሎ ነበር፤ ትርንጎም ነበረች። አዘዘው ገብቶ የሙሽራይቱን ኩታ ከትከሻዋ ገፈፈው። በአደባባይ! ሙሽራይቱ ተሸማቀቀች። ሙሽራው ጥርሱን ነከሰ፤ ምን ያድርግ?

አዘዘው ኩታውን አገላበጠው። ነጭ ነው። መልሶ አገላበጠው። ነጭ ነው። አሸተተው። ምን ያሸተዋል? ቢሆንም አሸተተው።

«ወደ ፀሐይ ልየው» አለ።

ፀሐይ ካገኘው ቀዩ በሸማው ውስጥ ይታያል። አዘዘው ጀርባውን ለወይራው ሰጥቶ፣ ክንዱን ወደ ብርሃን ማንሳት ጀመረ። ትርንጎ ከኋላው ተጠጋች። መዳፏን ዘርግታ ግንዱን በኃይሏ መታችው።

ግንዱ ተነሳ። ቀዩ ሁሉ አንድ ጊዜ ከአዘዘው ጀርባ ፈንድቶ በጆሮው፣ በዓይኑ፣ በጥምጣሙ ላይ ተርገፈገፈ። አዘዘው ኩታውን ጥሎ «አድባሯ! አድባሯ ተቆጣች!» እያለ ቁልቁለቱን ወረደው። አንድ ጫማው እዚያው ቀረ። ሠርገኛው እስኪያነባ ሳቀ። አዘዘው ለእሜቴ የውብዳር ግን «አየሁት፤ ነጭ ነው» ብሎ ነገራቸው። ሌላ ምን ይበል፣ እስቲ ሙቱና!

ደግ ነገር ለዘለዓለም አይደበቅም፤ ክፉውም አይደበቅም። ጊዜ አለፈ። ዝናብ እምቢ ያለበት ዓመት መጣ። ምድር ተሰነጠቀ፤ ወንዙ ደረቀ። ጥምቀት ሲደርስ ካህናቱ ለምሕላ ሁሉም ይውጣ አሉ። እሜቴ የውብዳርም ልጃቸው ከተቀበረች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ማቃቸውን ለብሰው ወጡ። ታቦቱ ወጣ። ሕዝቡ በነጭ ሸማ ሜዳውን ሞላው። ወጣት ሚስቶች ሁሉ የሠርግ ኩታቸውን ለብሰው፣ ልጆቻቸውን አዝለው ቆሙ።

«እግዚኦ!» አሉ። ደግመው «እግዚኦ!» አሉ። ሰማዩ ጠቆረ። ደመና በጥር! ከዚያ ዶፉ ወረደ።

በሌላ ጊዜ ሰው ይሸሽ ነበር። ያን ዕለት ማን ይሽሽ? ፊቱን ወደ ሰማይ አንጋጦ፣ እጁን ዘርግቶ፣ እልል እያለ ቆሞ ተደበደበ። ትርንጎ ብቻ እልል አላለችም። የሴቶቹን ትከሻ ታያለች። ውሃው ነጩን ሸማ ከገላቸው ሲያጣብቀው ታያለች። «ወይኔ» አለች።

መጀመሪያ ዝማም ቀላች። በልቧ በኩል እንደ እንጆሪ ያለች አንዲት ነጥብ ወጣች፤ ሰፋች፤ ወረደች። ከዚያ አጠገቧ ያለችው። ከዚያ ከኋላዋ ያለችው። ሜዳው ሁሉ እዚህም እዚያም ቀላ። እልልታው ቀስ በቀስ ጠፋና የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቀረ። ሴቶቹ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፤ ቀዩ በጣቶቻቸው መሀል ወረደ።

እሜቴ የውብዳር አዩት።

«ይህን ያደረገ ማን ነው?» አሉ። ሲናገሩ አልጮኹም።

ጭቃ ሹም አዘዘው ጎራዴውን መዘዘ። «ሁሉም ከሀገር ይውጡ! ከነልጆቻቸው ይውጡ!» አለ። ሕፃናቱ ማልቀስ ጀመሩ። ዝማም መሬት መሬት ታያለች። በምላሷ ላይ ያለው ስም አንድ ነው፤ አላወጣችውም።

ትርንጎ ያን ጊዜ አርጅታ ነበር። ከሰው መሀል ወጣች።

«እኔ ነኝ፣ እሜቴ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ልጆቼ፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ። «ከዝማም ጀምሮ» ብትል ይበቃት ነበር። እጇን ብቻ ታጣለች። እውነቱን ካወጣች ግን የእሜቴን ልጅ መግነዝ ነክታለችና ነፍሷንም አታተርፍ ይሆናል። መቃብሩም ይቆፈር ይሆናል። እንዳትዋሽ ደግሞ ታቦቱ ፊቷ ቆሟል።

«ከልጅዎ ጀምሮ» አለች።

ሰው ሁሉ አማተበ።

«ምን አልሽ?»

ያቺ የማትናገረው ትርንጎ ያን ዕለት ተናገረች። «አልጣሽ ያለ ቀለም አፈር አልገባችም፣ እሜቴ። በሕይወቷ ለምናኝ በማርያም ብያት ነበር። አዋጁ ሲነገር ሰምቻለሁ፤ ሰምቼ ነው ያደረግሁት። መግነዟ ውስጥ ቀይ ክር አለች። የሠራው እጅ ይቆረጥ ብለዋል፤ እጄ ይኸው።»

ሁለት እጇን ዘረጋች። ዝናቡ መዳፏ ላይ ይወርድ ነበር። አዘዘው ጎራዴውን ይዞ ቀረበ። እሜቴ የውብዳር ግን እጃቸውን አንስተው አስቆሙት። 

«በየት በኩል ነው?» አሉ።

«በልቧ በኩል።»

«ስትለምንሽ ምን አለች?»

«ውጪዋ ልቅሶ፣ ውስጧ ሠርግ አለችኝ።»

«የማን?»

ትርንጎ ይህን በቃል ማስረዳት አቃታት። «ይምጡ ላሳይዎ» አለች። ባላባትና ፈታይ ተከታትለው ደን ወረዱ። ሕዝቡ ሜዳው ላይ ቆሞ ቀረ። ትርንጎ ያ ወይራ ጋ ደረሰችና «እዚህ ላይ ነው እጇን ያሳረፈችው» ብላ አሳየቻቸው። እሜቴ የውብዳር የልጃቸው መዳፍ ያረፈበት ቦታ መዳፋቸውን አሳረፉ። ዝናቡን ሸሽተው ግንዱ ማዶ የተሸጎጡት የእሳት እራቶች ተነሱ። ቅርፊቱ ተከፈተ። ቀዩ በማቁ ላይ፣ በራሳቸው ላይ፣ በእርጥብ ፊታቸው ላይ ዞረ።

ያን ጊዜ ነው እሜቴ የውብዳር ያለቀሱት። ልጃቸው ስትሞት ያልወጣው ለቅሶ ያን ጊዜ ወጣ። «ልጄ! ልጄን!» የሚለው ድምፃቸው ከደኑ አልፎ ሜዳው ድረስ ተሰማ። ሜዳው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ አብሮ አለቀሰ፤ ታቦቱን የያዙት ካህን ሳይቀሩ። ትርንጎም አቅፋ ያዘቻቸው። የሚገንዝ እጅ ነው ብለው አልተጠየፏትም።

ከደን ሲወጡ ለሕዝቡ የተናገሩት አንዲት ቃል ናት። «ልበሱ» አሉ።

ሀገሩ ለበሰ። ሸማኔው እንቅልፍ አጣ። እሳቸው ግን ማቃቸውን አላወለቁም። ዓመት መጣ፣ ዓመት ሄደ፤ በማቅ ናቸው። «ለሰው ፈቀዱ እንጂ ልባቸውስ እንደጠቆረ ነው» ይሏቸው ነበር። በኋላ እሳቸውም ደከሙና ሞቱ። ትርንጎ አርጅታ ዓይኗ ቢፈዝም እንድትገንዛቸው ተጠራች። አጠበቻቸው። ማቁን ልታነሳው ስትገለብጠው እጇ አንድ ነገር ነካ። ወደ በሩ ወስዳ በብርሃን አየችው።

በማቁ ውስጥ፣ በልብ በኩል፣ ቀይ ክር ተሰፍቷል። ስፌቱ ጠማማ ነው። አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፤ ወጥቶ የገባ፣ ስቶ የተመለሰ። በሕይወታቸው መርፌ ይዘው የማያውቁ ሴት ማንም ሳያያቸው ተቀምጠው በእጃቸው የሰፉት ነው። ትርንጎ ሴቶቹን ሁሉ ጠርታ አሳየቻቸው። ከዚያ ያቺን ክር ሳትፈታ፣ ሳታቃና፣ ከማቁ ላይ ቆርጣ መግነዛቸው ውስጥ እንዳለች አኖረቻት።

የትርንጎ መቃብር የት እንደሆነ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ያም ወይራ ተቆርጧል፤ አባቴ ጉቶውን አሳይቶኝ ነበር፣ አሁን ጉቶውም የለም። በእኛ ሀገር ግን ያቺን የእሳት እራት የትርንጎ ኩታ እንላታለን። ዛሬም ያቺ አመዳሟ እንኳ ኩራዝ ላይ ስትመጣብን፣ ስለ እሷ ብለን ኩራዙን እናጠፋላታለን፤ በጨለማ ብንቀመጥ ይሻለናል። ሐዘን ቤት ስንገባ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ብለን «የትርንጎን ኩታ ያልብስሽ» እንላለን። እናት ልጇን ስትድር ወይም ሩቅ ሀገር ስትሰድ ልብሱ ውስጥ፣ በልብ በኩል፣ ቀይ ክር ትሰፋለች። ራሷ ነው መስፋት ያለባት። ጎበዝ ሰፊ ብትሆን እንኳ አጣምማ ነው የምትሰፋው። የተቃና ስፌት ከገበያ የተገዛ ነው ይባላል።

እኔ እንግዲህ ይኸው አርጅቻለሁ። የትርንጎ ኩታንም በልጅነቴ አንድ ጊዜ ካየኋት ወዲህ አላየኋትም። ደኑ ሲያልቅ እሷም ሄደች መሰለኝ። ግን ይህን ጋቢዬን ልገልብጠውና ተመልከቱ። ቀረብ በሉ። ቀለሙ ለቋል፤ ቢሆንም ይታያል። ጠማማ ነው፣ አይደል? እናቴ ናት።